ከሁለቱ የእሷ የቱ ነው?

ቀማሹን ነገረኛ ይሉታል፤ ሐሰት አይደለም። በመጠጥ ፋብሪካው በሠራባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት አምስት ሥራ አስኪያጆች ተፈራርቀዋል፤ ከአምስቱም ጋር ተጣልቷል። አንዱን ውሃ ጨመርክ ብሎ፣ ሌላውን በጠርሙሱ ላይ የጻፍከው ዕድሜ ውሸት ነው ብሎ። ከስድስተኛው ጋር የተጣላው ግን በሚስቱ ምክንያት ነው።

ሚስቱ ከሞተች ስምንት ወሯ ነው። በሕይወት ሳለች የትኛው በርሜል ከየትኛው ጋር ተዋህዶ ጠርሙስ እንደሚገባ የምትወስነው እሷ ነበረች። ከሥራዋ ሁሉ የምትኮራው በርካሹ ነበር፤ ራይ ከሚባለው፣ የስንዴ ዘመድ ከሆነው እህል በሚወጣው ውስኪ። ሾፌሩም፣ ነርሷም፣ ግንበኛውም ሳይሳቀቁ ይገዙታል። ርካሽ ሁሉ ቆሻሻ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ የሚጠጡት ዋጋውን እንጂ መጠጡን አይደለም፤ ጠርሙሱን ለእንግዳ ዓይን ይደረድሩታል፣ ጣዕሙ ምን ይመስላል ብትላቸው ግን ምላሳቸው ይተሳሰራል። እሷ ከእነሱ ጋር ጊዜዋን አላባከነችም። "ገንዘብ የሌለው ሰው ምላስም የለውም ያለው ማነው?" ብላ ለዚያ አንድ ጠርሙስ ስድስት ዓመት ለፋች።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣና "ራይ ተወዷል፤ ግማሹን በበቆሎ እንተካው። ጠጪው እንደሆነ አያውቀውም" አለ።

ቀማሹ ከወንበሩ ተነሣ። "የማታውቀው አንተ ነህ! ሻይን ከቡና መለየትህንም እጠራጠራለሁ።"

"አንተ ትለያለህ?"

"ዓይኔን ጨፍኜ! በእንቅልፍ ልቤ!"

ሥራ አስኪያጁ ጮሆ አያውቅም፤ ቀማሹን ይበልጥ የሚያበግነውም ይኸው ነበር። "እንግዲያው ለይልኛ። ሁለት ብርጭቆ ይቀዳል፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ ለሙከራ የተሠራው አዲሱ። የእሷን ካገኘህ ምንም አይነካም፤ ቃሌ ነው። ካላገኘህ ለውጡን ፈርመህ ታጸድቅልኛለህ።"

"ሁለት ብቻ? ለእኔ? ይህማ ስድብ ነው!"

"ነገ ጠዋት አራት ሰዓት" አለና ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

በማግስቱ የሚቀዳውን ያዘጋጀችው የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ የሚስቱ ታናሽ እህት ነበረች። ብርጭቆዎቹን ሳህን ከድናባቸው፣ የሟቿ የቱ እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ወረቀቱን ደፍታ አስቀመጠችው። ሥራ አስኪያጁ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ያያል።

"ጋሼ፣ ቁርስ በልተሃል?"

"ቀማሽ ቁርስ በልቶ አይገባም።"

"እራትስ? እራት የማይበላው ደግሞ ምን የሚሉት ቀማሽ ነው?"

"አንቺ ክፈቺና ዝም በይ።"

አንደኛውን አነሣ። አዟዙሮ አሸተተ፤ ትንሽ ተጎንጭቶ በአፉ ውስጥ አንከባለለና በባልዲው ውስጥ ተፋ። እንጨት። ጥቂት ጣፋጭነት። ከዚያ ባዶ፣ ዕቃው ወጥቶ እንዳለቀ ቤት። ሁለተኛውን አሸተተ፤ አፍንጫው ነቃ። ሲጎነጭ ምላሱን ወጋው፣ ጉሮሮው ሞቀ።

"ይኸው!" ጠረጴዛውን በጡጫ አለው። "ሁለተኛው ነው! ያንን አንደኛውን ውሰዱና ድፉት፤ ለእጅ መታጠቢያም አይሆን!"

ታናሽየዋ ወረቀቱን ገለጠችና አየችው። ከሚገባው በላይ አየችው።

"ልክ ነው" አለች። "ሁለተኛው ነው።"

"እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ። ጨበጠውና ወደ በሩ አመራ።

ቀማሹ ሊፈነጥዝ ይገባው ነበር። ነገር ግን ይህችን ሴት ያውቃታል፤ ውጤት የምታነበው ጎረቤት እስኪሰማ ነው። አሁን አንሾካሾከች፤ ወረቀቱንም በጋዋኗ ኪስ ከተተችው።

"አምጪው።"

"ምኑን?"

"ወረቀቱን።"

"ጋሼ፣ በእሷ ይዤሃለሁ፣ ተወው።"

እጁን እንደዘረጋ ቆመ። ሰጠችው። "አንደኛው" ይላል።

ሥራ አስኪያጁ የበሩን እጀታ ይዟል። ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ኪሷ መመለስ ብቻ ነበር የሚቀረው፤ የሚስቱ ውስኪ ይተርፍ ነበር። እጁም መመለስ ጀምሮ ነበር። ግን በውሸት የተረፈ ጠርሙስ የእሷ አይሆንም፤ ዋሻችሁ ብሎ አምስት ሰው ያዋረደ ሰውም ለራሱ ሲሆን ዓይኑን አይጨፍንም።

"ቆይ" አለ። "የእሷ አንደኛው ነበር። ድፉት ያልኩት።"

ሥራ አስኪያጁ ዞረ። ቢሳለቅ ይሻል ነበር፤ "አዝናለሁ" ነው ያለው። ቀማሹ ፈረመ። በሩ ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ።

"አንድ ቀን!" ታናሽየዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ዕድሜህን ሙሉ ስትጮህ ኖረህ አንድ ቀን ዝም ብትል ምን ነበረበት?"

"እሷ ብትሆን ዝም ትል ነበር?"

ወደ አንደኛው ብርጭቆ ጠቆመች። "ግን እንዴት ጠፋህ? የእሷ እኮ ነው! ሌላ ሰው ቢሳሳት እሺ።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። "በየማታው እጠጣው ነበር።"

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ቀማሽ የሚፈርድበትን መጠጥ ወደ ቤቱ አያስገባም፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው የወፍጮውን ድምፅ እንደማይሰማ ሁሉ አፍንጫም በየቀኑ የሚያገኘውን ሽታ ይተወዋል። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ሲያስተምር የኖረው ራሱ ነው።

"ከቀብር በኋላ ነው የጀመርኩት" አለ። "ከበርሜል ቤት ስትመለስ እጅጌዋ እንደሱ ነበር የሚሸተው። አንድ ብርጭቆ ይበቃኝ ነበር፤ እዚያው ቤት ውስጥ ያለች ይመስለኛል። በኋላ ሽታው እየሳሳ ሄደ። ሁለት አደረግኩት፣ ሦስት። ፋብሪካው አበላሽቶት ነው እያልኩ እሳደባለሁ። እንዳትጠፋብኝ ብዬ ጠጥቼ ጨረስኳት።"

ታናሽየዋ ክንዱን ያዘችው። እሱም አንደኛውን ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋው።

"ቅመሺና ንገሪኝ።"

"እኔ? እኔ የማውቀው ቁጥር ነው፣ ጋሼ።"

"ያገኘሽውን ተናገሪ።"

ተጎነጨች፤ አሳላት። "ያቃጥላል።"

"የት ላይ?"

"ምላሴ ዳር። እንደ ቁንዶ በርበሬ።"

"ከዚያስ?"

"ቆይ፣ አታጣድፈኝ። ጠርዙ አረር ያለ ዳቦ። ከሥሩ ደግሞ፣ ምን ልበልህ፣ የብርቱካን ልጣጭ ሲታጠፍ ፊትህ ላይ የሚረጨው ነገር።"

ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን በመዳፉ ደገፈ። እሷ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

"ጣዕሙ አለቀ?" አላት።

"አላለቀም። እዚህ፣ ጉሮሮዬ ላይ አለ።"

"እሺ" አለ። "ሲሄድ ንገሪኝ።"