ፊኛ የሚያመልጠው ግራ እጅ

ይሄ መነጽር ዕድሜዬን በላው። አሮጌ መሆኑን ስገዛው አውቄያለሁ፤ እልኸኛ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም።

አባባ ልብስ ሰፊ ነው። ስትሮክ ግራ እጁን ካሰነፈበት ወዲህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ይህን ቪአር መነጽር አስገዛችን። ዓይኑ ላይ ያጠልቀዋል፣ በሁለት እጁ ሁለት መቆጣጠሪያ ይይዛል፣ ከዚያ መነጽሩ ውስጥ አየር ላይ የሚንሳፈፉ ፊኛዎችን እየመታ ያፈነዳል። እኛ በቴሌቪዥኑ እናየዋለን። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። እያደር ግን ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ግራ እጁ መንቀጥቀጥ፣ መዝለል፣ ጭራሽም መጥፋት ጀመረ።

"እጄ ነው እንጂ ዕቃው ምን አደረገ?" አለ አባባ። "በዚህ ሳምንት ካልተሻለኝ የስፌት መኪናዬን ሽጡት።"

"ዕቃው ነው!" አልኩት። ዕቃው መሆን ነበረበት።

ባትሪውን እማማን አስቀየርኳት። መነጽሩ እጁን የሚያውቀው በካሜራ ነው፤ ካሜራዎቹ ደግሞ የሚከተሉት መቆጣጠሪያው ቀለበት ላይ ያሉትን፣ እኛ የማናያቸውን ጥቃቅን መብራቶች ነው። ስለዚህ ካሜራዎቹን ወለወልኩ፤ እንዳያንጸባርቅ የግድግዳውን መስታወት በአንሶላ ሸፈንኩ፤ መጋረጃ ዘጋሁ፤ አጥፍቼ አበራሁ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! እማማ ደግሞ ከኋላዬ "ቀስ በይ፣ ትሰብሪዋለሽ" ትላለች። ዕቃ ሲጫር እሷን ነው የሚያማት። ሪሞቱ በላስቲክ፣ ስልኳ በጨርቅ፤ እኛ ቤት ያልተጠቀለልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ባለሙያዋ ጋ ደወልኩ። "መቆጣጠሪያዎቹን አቀያይሪያቸው" አለችኝ። "ችግሩ ወደ ቀኝ እጁ ከዞረ ዕቃው ነው። ግራው ላይ ከቀረ ግን..."

እኔ መነጽሩን ሳጠልቅለት እማማ አቀያይራ አስያዘችው። ቀኙ ረጋ። ግራው ጠፋ።

አባባ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። "መኪናዬን ሽጡት" አለ። ቁጣ እንኳ የለውም። የግራ እጁን መቆጣጠሪያ ነጥቄ ልወረውረው ስል ውፍረቱ ገረመኝ። መብራቶቹ ያሉበት ቀለበት ሳይቀር ዳር እስከ ዳር ጨርቅ ለብሷል።

"እማማ!"

"ምን ላድርግ? ከእጁ እየወደቀ! በወደቀ ቁጥር አንድ ድርብ እየሰፋሁ እጨምርለታለሁ። አሁንም ሳቀያይር ከዚያኛው አውልቄ ለዚህኛው አለበስኩት።"

ልጩህ ወይስ ልሳቅ? እዚህ ቤት ጥቅልል ማየት ስለለመድኩ፣ ዓይኔ ሥር ሆኖ አላየሁትም። ጨርቁን ገፍፌ መቆጣጠሪያውን ለአባባ መለስኩለት፤ መነጽሩንም ዓይኑ ላይ አወረድኩለት።

"ይወድቅበታል!" እማማ ሁለት መዳፏን ከእጁ ሥር ዘረጋች።

ግራ እጁ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አለ። ዘገምተኛ ነው፤ ግን አይዘልም፣ አይጠፋም። አንድ ፊኛ ፈነዳ። ደግሞ ሌላ።

"አይወድቅም" አላት አባባ። "እጅሽን ሰብስቢ።"

ሲጨርስ ጨርቁን በግራ እጁ አነሳና ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

"ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጠማማ ስፌት ነው?" አለ። "መኪናዬን ማንም እንዳይነካብኝ!"