መርዶው ለሰኞ ይደር

ተናኘወርቅ የምርጫው ኃላፊ ሁኚ ሲሏት እሺ ያለችበትን ቀን ስትረግም ነው የከረመችው። ብትረግምስ ይፈረድባታል? በሰው አገር፣ በለንደን ከተማ፣ ሁለት ሰዎች ለአንድ ወንበር ቢፎካከሩ ይህን ያህል ጣጣ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? ወንበሩስ የሚኒስትር ወንበር መሰላችሁ? የአንድ የስደተኛ ፓርቲ የለንደን ቅርንጫፍ፣ ለሊቀመንበርነት የሚያቀርበውን ዕጩ ከአባላቱ መሀል ለመምረጥ ነው ይህ ሁሉ። አንዱ ተፎካካሪ ኃይለልዑል፣ ሌላው መዝገቡ፤ ሁለቱ እሳትና ጭድ ናቸው።

ባለፈው ዓመት የተሞከረው ምርጫ በድብድብ ነው ያለቀው። የድምፅ ሳጥኑ ተገለበጠ፣ ወንበር ተወረወረ፣ ፖሊስ ተጠራ፣ የአባላቱ ግማሽ በዚያው ቀረ። ዘንድሮም ያው ከተደገመ ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ለሌላው ሰው ፓርቲ ፓርቲ ነው። ለተናኘወርቅ ግን ታላቅ ወንድሟ የሞተለት ነው፤ ሬሳውን እንኳ አላገኙትም። ከሱ የቀራት ነገር ቢኖር አምኖበት የሞተው ይህ ስም ነው፣ እሱም ዓይኗ እያየ ሊፈርስ ነው። እሺ ያለችው ለዚህ ነው።

ጣቢያ ማግኘቱስ አልከበደም። ሰቨን ሲስተርስ ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ ያለ ክፍል ተገኘ፣ ፊንስበሪ ፓርክ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት። ድምፅ የሚቆጠርበትን ዋናውን ጣቢያ ሆሎዌይ፣ ከመንግሥት የኪራይ ቤቶቹ መሀል ያለውን የኮሚዩኒቲ ሴንተር አዳራሽ ቡክ አደረገች። መከራው አስመራጭ ማግኘቱ ነው! የአንዷን ስም ስታነሳ፣ "እሷማ የመዝገቡን ልጅ ክርስትና ያነሳች ናት!" ይላሉ። የሌላውን ስታነሳ፣ "እሱማ ከኃይለልዑል ጋር ዕቁብ ይጥላል!" እህህ! ለንደን ያለ ሐበሻ ስንት ሆነና ነው ያልተዛመደና ያልተዋለደ የሚገኘው? ለሁለቱ ትንንሽ ጣቢያዎች በስንት ልመናና ጭቅጭቅ ሰው ተገኘ። ለሆሎዌይ ግን ሁለቱም ወገኖች የተስማሙባት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ አልታየሽ።

አልታየሽ ሆስፒታል በረዳትነት የምትሠራ፣ ሳቋ ጎረቤት የሚሰማ፣ ያሰበችውን ፊት ለፊት የምትናገር ሴት ናት። ኃይለልዑልን "አንተ ወሬ ታበዛለህ"፣ መዝገቡን "አንተ ደግሞ ቂም ታበዛለህ" ብላ በአንድ ስብሰባ ላይ ልክ ልካቸውን ነግራቸዋለች። በዚህ ይሆናል ሁለቱም የሚያምኗት።

"እሷ ቁልፉን አንገቷ ላይ አድርጋ ከሳጥኑ አጠገብ እስከተቀመጠች ድረስ ውጤቱን እቀበላለሁ" አለ መዝገቡ። "ከተነሳች ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ ሰዎቼን ይዤ እወጣለሁ።" ኃይለልዑልም በዚሁ ተስማማ።

ተናኘወርቅና አልታየሽ እህትማማች በሏቸው። ስደት ካርቱም ላይ አገናኝቷቸው፣ ለንደን ሲገቡ አንድ አልጋ ተጋርተው ነው ያደሩት። እዚህ የሥጋ ዘመድ ስላልነበራቸው ያኔ አንድ ቃል ተገባብተው ነበር። "ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ከመጣ እኔን የምታረጂኝ አንቺ ነሽ፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳልሰማ" ተባብለዋል። የተናኘወርቅ አባት ሲሞቱ አልታየሽ ቃሏን ጠበቀች። ገና ጎህ ሳይቀድ መጥታ፣ የተናኘወርቅን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀስ ብላ ነገረቻት። ከዚያም የለቅሶው ሰሞን ሥራዋን ትታ ከጎኗ አልተለየችም። ይህን ተናኘወርቅ የምትረሳው ነገር አይደለም፤ አልረሳችምም።

የምርጫው ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዓለምሰገድ በሯን አንኳኳ። ዓለምሰገድ ከአልታየሽ ጋር ጉለሌ አብሮ ያደገ የሰፈር ልጅ ነው። ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ቁጭ አለ።

"እትዬ ጥሩአየር አረፉ።"

እትዬ ጥሩአየር የአልታየሽ እናት ናቸው። ተናኘወርቅ በአካል አይታቸው አታውቅም፤ በስልክ ግን ስንቴ መርቀዋታል! "ሁለተኛዋ ልጄ" ነበር የሚሏት። እጇን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች።

"ትናንት ተቀበሩ" አለ ዓለምሰገድ። "ወንድሟ እሷ እንዳትሰማ ብሎ እኔ ጋ ደወለ። ነገ እሁድ ነው፣ ሰው ሥራ አይገባም። ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን እናርዳት። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፤ ቃል አላችሁ መሰለኝ።"

ተናኘወርቅ እንባዋን ስትጠርግ እጇ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

"ነገ?"

"አዎ፣ ነገ።"

"ነገ እኮ ምርጫ ነው፣ ዓለምሰገድ።"

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። እሷም በራሷ አፈረች፤ ማፈርስ አፈረች፣ ግን አላቆመችም። "እሷ ከሌለች መዝገቡ ሰዎቹን ይዞ ይወጣል። እንዳለቀልን ቁጠረው። ሰኞ ጠዋት ብናረዳትስ? አንድ ቀን እኮ ነው! መርዶ ወር ሙሉም ሲደበቅ አይተናል፣ ልማድ ነው።"

"የሚደበቀው ለሐዘንተኛው ሲባል ነው" አለ ዓለምሰገድ። "ፈተና ላይ ናት፣ እርጉዝ ናት፣ ታማለች ተብሎ ነው። ለሌላ ጉዳይ ተብሎ ሲደበቅ ሰምቼ አላውቅም።"

"ለሷም ቢሆን ይሻላል። ሰኞ የኔም ልብ ይረጋጋል፤ በደንብ ሆኜ እነግራታለሁ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለአልታየሽ እንዳልሆነ ራሷም ታውቃለች። ዓለምሰገድ ተነሳ።

"እሺ፣ ለሰኞ ይደር። ኃጢአቱን ግን አንቺው ተሸከሚው።"

"ለማንም እንዳትናገር፣ በሞቴ!"

"ለማን እናገራለሁ?" አለ። ሚስት እንዳለችው ሁለቱም ረሱት።

እሁድ ጠዋት አልታየሽ ብጫ ሹራብ ለብሳ፣ ፀጉሯን አዲስ ተሠርታ ሆሎዌይ ጣቢያ ከች አለች። ከውጭ ያ የኅዳር ዝናብ ይንጠባጠባል፣ እሷ ግን ለሠርግ የመጣች ነበር የምትመስለው። "ዛሬ የሚጣላ ሰው ካለ በዚህ ቁልፍ ዓይኑን ነው የማወጣው!" ብላ ቁልፉን አንገቷ ላይ አጠለቀች። አስመራጩም ታዛቢውም ሳቀ። ተናኘወርቅ ግን የመራጮቹን ዝርዝር ማገላበጥ ያዘች።

የመጀመሪያዎቹ መራጮች እንደማንኛውም ሰው ገቡ፣ ወረቀታቸውን ከተቱ፣ ወጡ። ቆየት ብሎ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከአፍ የወጣ አፋፍ አይደል? የዓለምሰገድ ሚስት ለአንዲት ወዳጇ ብቻ፣ ያቺም ለእህቷ ብቻ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እሁድ ረፋዱ ላይ መርዶውን ያልሰማ ሐበሻ ሰሜን ለንደን ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሷም ሳጥኑ አጠገብ ብጫ ለብሳ ተቀምጣለች።

የመራጮቹ ልብስስ አይጠረጠርም፤ በኅዳር ለንደን ላይ ጥቁር ካፖርት ያልለበሰ ማን አለ? ያጋለጣቸው ሰላምታቸው ነው። ድሮ "ታዲያስ አልቱ!" ብሎ የሚያልፈው ሁሉ ጎንበስ ብሎ አቅፎ ይስማታል፣ ሲስማትም አይለቃትም። ሴቶቹ ጉንጯን ይዳስሳሉ። አንዷ ወረቀቷን ከታ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ሲቃዋ አመለጣት፤ ተናኘወርቅ ሮጣ በሩን ዘጋችው። ሁለቱ ተፎካካሪዎችስ አልሰሙም? ሰምተዋል እንጂ! አንዱ በቀኝ ጥግ፣ አንዱ በግራ ጥግ ተቀምጠው፣ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ላይ ቢስማሙ በዚህ ተስማሙ፤ ዝም አሉ።

"ተናኜ" አለች አልታየሽ፣ ሰው ቀለል ሲል። "ዛሬ ሰዉ ሁሉ እንዲህ የሚስመኝ ምን ሆኖ ነው? ሙሽራ መሰልኩ እንዴ?"

"ምርጫው ነው። ሁሉም ፈርቷል፣ በሰላም አውጪን እያሉሽ ነው።"

አልታየሽ ሳቀች። የምትስቀው ግን ሰዉን እያየች ነው። ተናኘወርቅ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረች።

ከዚያ አቶ ገብረመድኅን መጡ። እኚህ ሰው የአካባቢው ሐበሻ ሁሉ "አባባ" የሚላቸው፣ ለቅሶም ሠርግም ያለ እሳቸው የማይጀመር ሽማግሌ ናቸው። ወረቀታቸውን አጣጥፈው ከተቱና ኮፍያቸውን አወለቁ። የአልታየሽን ግንባር ሳሙ። ሊሄዱ ዞረው ነበር፣ ተመልሰው ደግመው ሳሟት፤ እንባቸው ብጫው ሹራብ ላይ ጠብ አለ።

"ብርዱ ነው፣ ልጄ። ዓይኔን ያስለቅሰኛል" አሉና ከኋላ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ሄደው ተቀመጡ።

አልታየሽ ሹራቧ ላይ ያለችውን እርጥብ ነጥብ ቁልቁል አየቻት። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ሳጥኑ ላይ አንድ እጇን ጭና፣ በሌላው የተናኘወርቅን ክንድ ሳብ አደረገች።

"እኔን እዪኝ።"

ተናኘወርቅ አየቻት።

"እማዬ ደህና ናት?"

ምን ትበል? አሁን ብትናገር አልታየሽ ትጮኻለች፣ ትነሳለች፣ ሰዉ ይነሳል፣ ሳጥኑ ይቀራል። መዝገቡ ከጥጉ ቀና ብሎ እያያቸው ነው፣ ኃይለልዑልም ቀና ብሏል። የሟች ወንድሟ ፊት መጣባት። ያ ጎህ ያልቀደደበት ጠዋት፣ ፊቷን የያዙት ሁለት እጆችም አብረው መጡባት።

"ንገሪኝ፣ ተናኜ። ቃል አለን።"

"ደህና ናቸው" አለች ተናኘወርቅ። "ምን ሆነሻል አንቺ! ደህና ናቸው።"

አልታየሽ ክንዷን ለቀቀች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ወንበሯ ላይ የተንጠለጠለውን ጥቁር ካፖርት አንስታ በብጫው ሹራብ ላይ ደረበችው፣ የካፖርቱን ቁልፎችም እስከ አንገቷ ቆለፈቻቸው። ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። መራጭ ሲመጣ ወረቀቱን ትቀበላለች፣ ቀዳዳውን ታሳያለች፣ ሲስማት ትሳማለች። ለሻይ እንኳ አልተነሳችም።

ቀኑ ሲያዘነብል የሰቨን ሲስተርስና የፊንስበሪ ፓርክ ሳጥኖች እንደታሸጉ መጡ። አልታየሽ ከፈተች፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያነሳች ለሁለቱም ወገን እያሳየች ስሙን አነበበች። ድምፅዋ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። በመጨረሻ ኃይለልዑል በጥቂት ድምፅ በለጠ።

ሁሉም ወደ መዝገቡ ዞረ። መዝገቡ ለአፍታ እንደተቀመጠ ቆየ፤ ያችን አፍታ ተናኘወርቅ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳትም። ከዚያ ተነስቶ አዳራሹን አቋርጦ ሄደና የኃይለልዑልን እጅ ጨበጠ። "ከሷ እጅ የወጣ ነው፣ ተቀብያለሁ" አለ። ጭብጨባው ቤቱን ናጠው። ተሳካ! ወንበር ሳይወረወር፣ ፖሊስ ሳይጠራ ተሳካ! ተናኘወርቅ "ወንድሜ" አለች በልቧ፣ ደስታው ደረቷን ሞላው። ያን ደስታ ይዛ ወደ አልታየሽ ዞረች።

አልታየሽ አታጨበጭብም። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና የተናኘወርቅ መዳፍ ላይ አኖረችው።

"ሳጥንሽ ሰላም ነው።"

"አልቱዬ..." አለች ተናኘወርቅ፣ ሁለት እጇን ወደ አልታየሽ ፊት ልትሰድ። አልታየሽ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ።

"ጠየቅሁሽ እኮ። ዓይኔን እያየሽ ደህና ናት አልሽኝ።"

"ለሰኞ... ጠዋት ላይ..."

"ተዪው።" አልታየሽ ጀርባዋን ሰጠቻትና በወንበሮቹ መሀል አልፋ አቶ ገብረመድኅን ፊት ቆመች። "አባባ፣ መርዶዬን እርስዎ ይንገሩኝ።"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን ጨምድደው ተነሱ። ተናኘወርቅን አዩ፣ አልታየሽን አዩ። "ልጄ፣ መርዶ እኮ በምሽት አይነገርም። ወጉ ጠዋት ነው።"

"ጠዋቱንማ እሷ ወሰደችብኝ" አለች አልታየሽ።

አቶ ገብረመድኅን ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ነገሯት። ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የዋለው ጩኸት ወጣ። የመዝገቡም የኃይለልዑልም ሰዎች፣ ሴቱም ወንዱም፣ ወንበሩን እየገፉ መጥተው ከበቧት፣ ደረታቸውን እየመቱ አብረዋት አለቀሱ። ተናኘወርቅም "እትዬ ጥሩአየር! እናቴ!" እያለች ልትገባ ሞከረች። አንድም ሰው አልገፋትም፤ ቦታ የለቀቀላት ግን አልነበረም። ቁልፉን እንደጨበጠች ከሳጥኑ አጠገብ ቆማ ለብቻዋ አለቀሰች።