ልጥ የሌለው ወይራ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ግን የተመነጠርሁት ጠርጥሬ ነው።

ምሥራቅ እባላለሁ፤ እንጅባራ ዳር አረቄ አውጥቼ እየሸጥሁ የምኖር ሴት ነኝ። አረቄ እሳት ይመርጣል። ነበልባሉ ከበዛ ያርራል፣ ከላላ አልወርድም ይላል። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ ዕውቀቴ እንጨት ላይ ነው። ብሳና ገና ከሸካሚዋ ጀርባ ሳይወርድ አውቀዋለሁ፤ ቀላል ነው፣ ጭሱም ዓይን ያጠፋል። ባሕር ዛፍ ልጡ እንደ አሮጌ ጨርቅ ይገሸለጣል። ዲከረንስ የሚሉት፣ ሰዉ ሁሉ ለከሰል የሚተክለው ግራር፣ ልጡ ጠቁሮ ውስጡ ቀላ ይላል። ቀርከሃ ሳይሰነጠቅ እሳት ከገባ አንጓው እየፈነዳ ደንበኛ ያስደነግጥብኛል። ወይራን ደግሞ ዓይኔን ሸፍናችሁ ብትሰጡኝም አልስተውም። ይከብዳል፣ ውስጡ ጥቁር ጥቁር መስመር አለው፣ በጥፍር ሲቧጥጡት ጋን የታጠነ ዕለት የሚሸተውን ይሸታል።

በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ ቄስ ሽመክት ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ደርቆ የቆመው ትልቁ ወይራ ተቆርጦ መወሰዱን ነገሩን። “የቆረጠም፣ የሸጠም፣ ያነደደም እስከ ሁለት ሳምንት ወጥቶ ካልተናገረ የተገዘተ ይሁን” አሉ። የተገዘተ ሰው ደጀ ሰላም አይረግጥም፤ ቢሞትም የሚፈታው ቄስ የለም። እኔን “ያነደደ” የምትለዋ ቃል ወጋችኝ። በቀን ሁለት ሸክም የማነደው እኔ ነኛ!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንንም ሳልጠረጥር አልገዛም። ሸክም እያስፈታሁ አንድ በአንድ አሸት ጀመር። ወገኔ የምትባለው እንጨት ሻጭ፣ “እትዬ ምሥራቅ፣ የምሸጥልዎት እንጨት ነው ወይስ ሽቶ?” አለችኝ። ሌሎቹም “እባብ ያየ በልጥ በረየ” እያሉ ተሳለቁብኝ። ይሳቁ! የሚገዘተው የእኔ ነፍስ ነው እንጂ የእነሱ አይደለም።

ሸጋን ግን አልፈትሽም ነበር። ሸጋ ከአጥር ማዶ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ጋሼ ይኸነው በዚህ አካባቢ አራሽ ከተባሉት አንደኛው ነበሩ፤ ጥቅምት ላይ ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸው መደብ ላይ ቀሩ። እሷ ከዲከረንሱ ደን የወዳደቀ እየለቀመች ታኖራቸዋለች። በሬዎቹን አዘና የሚኖረው ወንድሟ ዘንድ ለግጦሽ ሰድጃለሁ ብላ ነበር። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ጋሼ ይኸነው ከመደባቸው ይጣራሉ።

“ሸጋ! በሬዎቹን አስመጫቸው እንጂ! እርሻው ሊያመልጠን ነው!”

“እሺ፣ በሚመጣው ገበያ” ትላለች።

ተነሥቼ አርሳለሁ ብለው የሚያምኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በሕይወት ያቆያቸውም ያ እምነት ይመስለኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሸጋ ሸክሟን ጥላልኝ ውሃ ስትጠጣ እኔ ልደረድረው ብዬ ገመዱን ፈታሁት። ከላይም ከታችም ዲከረንስ ነው። መሃል ላይ ግን አራት ፍልጥ ወይራ! አንዱን አነሣሁት። ልጥ የሚባል የለበትም፤ ገላው ልስልስ ብሏል። አንድ ጫፉ ላይ ሽቦ ታስሮበት የነበረ የሚመስል ጥቁር ቀለበት አለው። አሸተትሁት። ወይራ ነው፤ ከወይራው ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ፣ የጠፍርና የበረት ዓይነት። እሱን ናቅሁት።

“ይህን ከየት አመጣሽው?”

“ከዘንገና መንገድ። ወድቆ አገኘሁት።”

“ወድቆ የተገኘ ወይራ ልጡ የት ሄደ?”

“ምስጥ በልቶት ይሆናላ።”

“ምስጥ ልጡን በልቶ እንጨቱን ያለሰልሰዋል? ሸጋ፣ እኔን ነው?”

ፊቷ አመድ መሰለ። “እትዬ፣ ካልፈለጉት ይመልሱልኝ” ብላ እጇን ዘረጋች። ገዝቼዋለሁ ብዬ ብሯን ሰጥቼ ሸኘኋት።

እንጨት እንዳይታወቅበት ልጡን የሚልጥ ሌባ ነው፤ መሃል የሚደብቀውም ሌባ ነው። ሁለት ቀን ይህንኑ ሳመነዥክ ሰነበትሁ። አዝኜላትም ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ደግሞ የተዋሸሁት እኔ፣ የምገዘተው እኔ! ንዴቴ ከሐዘኔ በለጠና ሐሙስ ጠዋት አንዱን ፍልጥ በነጠላዬ ጠቅልዬ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ባምላክ ዘንድ ሄድሁ። ገልበጥበጥ አድርጎ አየው። “ልጡን የላጠ የሚደብቀው ነገር አለው” አለ። ልቤን አገኘው።

ሸጋ ደጇ ላይ ድንች ስትልጥ አገኘናት። እንጨቱን ስታይ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

“እባካችሁ፣ እዚህ አይሁን። ከአጥሩ ወጥተን እንነጋገር” አለች በሹክሹክታ።

“ለምን? ማን እንዳይሰማ ነው?” ብዬ ጮህሁ። ሆን ብዬ ነው የጮህሁት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

“ማነው?” አሉ ጋሼ ይኸነው ከውስጥ።

ሸጋ በሩ ላይ ተገተረች። ባምላክ ግን ገፋ አድርጓት ገባ፤ እኔም ተከተልሁ።

“ጋሼ፣ ይህ እንጨት ከቤትዎ የወጣ ነው። ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?” ብሎ በግራ እጃቸው አስያዛቸው።

አላሸተቱትም፣ አላዩትምም። በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ሄደው ጥቁሩ ቀለበት ላይ ቆሙ።

“ድግሬ ነው” አሉ። “ይቺ ወገሉ ያረፈባት ናት። አባቴ ነው የጠረበልኝ፣ ሸጋን ያገባሁ ዓመት። ማን ፈለጠው?”

ድግር ማለት በማረሻው ግራና ቀኝ አፈር የሚገፋው እንጨት ነው፤ ወገሉ የሚያስረው ብረት። የናቅሁት ሽታ የበሬና የጠፍር ሽታ ነበር። ልጡን የላጠው ሌባ ሳይሆን፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ አባት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ።

ጋሼ ይኸነው እኛን አላዩንም። ዓይናቸውን ሚስታቸው ላይ ጥለው እኔም በምሰማው አገውኛ ቀስ ብለው ጠየቋት።

“በሬዎቹስ?”

“ታኅሣሥ ላይ ሸጥኋቸው። ለሕክምናህ” አለች ሸጋ። “ሌላ የሚሸጥ ቢኖር በሬህንም ድግርህንም አልነካም ነበር። ተስፋ እንዳትቆርጥብኝ ብዬ ዋሸሁህ።”

“ደግ አደረግሽ” አሉ። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት፤ እንጨቱን ግን አልለቀቁትም። ባምላክ ይቅርታ የምትመስል ነገር አጉተምትሞ ወጣ። እኔ ይቅርታ እንኳ ሳልል ተከተልሁት።

ቅዳሜ የቀሩትን ሦስት ፍልጦች ይዤ አጥሯ በር ላይ ቆምሁ። ሸጋ አልተቀበለችኝም።

“የሸጥሁትን አልመልስም፣ እትዬ። ያንድዱት። ምን ያደርግልናል ከእንግዲህ?” አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ቄስ ሽመክት ግዝቱን አጸኑት፤ የቤተ ክርስቲያኑን ወይራ የቆረጠው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሦስቱ ፍልጦች ከምድጃዬ አጠገብ ተጋድመዋል። ማንደድም መጣልም አቃተኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በዘንገና በኩል ሰማዩ ጠቁሮ አጉረመረመ። ሥራዬን ትቼ አጥሩ ሥር ሄጄ ቆምሁ፣ ጆሮዬን ወደ ማዶ ጥዬ። ደግሞ አጉረመረመ። ዝናቡም መጣና ልብሴ እስኪርስ ጠበቅሁ። የተጣራ የለም።