በቀኟ የነበረው

«ከዚህ ጋ ቁረጠው» አለ ገብረወልድ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ።

«ጋሼ፣ መስታወቱን አይንኩት፤ ይቆሽሻል» አለ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚሠራው ሙኽታር።

ኦሎምፒያ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ሱቅ ለሦስት ሰው ትጠባለች። ትርሓስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአጎቷ፣ ከእናቷ ወንድም ከገብረወልድ ኋላ ቆማለች። እናቷን ከቀበሩ ገና ሠልስት አልወጣም። ስክሪኑ ላይ እናቷ ጥሩነሽና አባቷ ዘርአጽዮን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናቷ አንገቷን ወደ ባሏ አዘንብላ፣ ልትስቅ ስትል ጥርሷ ብቅ ብሏል። ከዚህ የተሻለ ፎቶ የላትም። ድንኳን ውስጥ የሚቆመው ይኸው ነው፤ አባቷ ግን መውጣት አለበት።

ሙኽታር ማውሱን ሳብ አደረገ። አባቷ ጠፋ።

«አሁን ደግሞ ፊታቸው ጠርዝ ላይ ተለጠፈ። ካንቫሱን ላስፋው?»

«ምኑን?»

«ፎቶው ያረፈበትን ወረቀት ይበሉት። በዚህ በኩል ከጨመርንበት እሳቸው መሀል ይሆናሉ። የምንጨምረው ግን ባዶ ነው፤ ከጀርባው ጋር የሚሄድ ሰማያዊ እቀባዋለሁ።»

«ቀባው።»

አባቷ በነበረበት ቦታ ሰማያዊ ሞላ። ጥሩነሽ መሀል ሆነች፤ አንገቷ ግን ወደ ባዶው እንዳዘነበለ ነው።

«አንገታቸውን ላቃናው? ትንሽ ማዞር ነው።»

«አይሆንም» አለች ትርሓስ።

ሁለቱም ዘወር ብለው አዩዋት። ከቀብሩ ወዲህ ቃል ስትተነፍስ አጎቷ ገና መስማቱ ነበር።

ወደ ገርጂ በሚመለሱበት ታክሲ ውስጥ ገብረወልድ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ስሚኝ ልጄ፤ አባትሽ ዘርአይ ለእኔም ወንድሜ ነበር። ግን ድንኳን ሁሉ ሰው የሚገባበት ነው። ማን አይቶ የት እንደሚያወራ አናውቅም። አንቺም ብትሆኚ በስምሽ ላይ ያለው የእሱ ስም ነው። መጥተው እንዲወስዱሽ ነው የምትፈልጊው?»

«እኔ ምን አልኩ ጋሼ?»

ሲቀመጡበት እንደደነዘዘ እግር ሁለመናዋ የሌላ ሰው ሆኖባታል።

ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቆመ። ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ሆነው እያዩ ይንሾካሾኩ ጀመር።

«እንዴት አምሮባታል!»

«አንገቷን ምን ነክቷት ነው?»

«በሕመሟ ጊዜ የተነሣችው ይሆናላ።»

ጎረቤታቸው እትዬ አፀደ ግን መንሾካሾክ አታውቅበትም። «የምን ሕመም! ዘርአይን እየሰማች ነዋ! በግራ ጆሮዋ መስማት ከተወች ስንት ዘመኗ ነው? እንግዳ ያለውን ሁሉ በቀኟ ተቀምጦ የሚነግራት እሱ አልነበር? ምነው፣ የት ጣላችሁት?»



«እትዬ አፀደ፣ ይተዉ እንጂ» አለ ገብረወልድ ከወንዶቹ መሀል።

«ምኑን ነው የምተወው? የሞተችው አንድ ጥሩነሽ ናት። እናንተ ሁለት ቀበራችሁ!»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዘርአጽዮን ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሬዲዮ ሲጠግን፣ እድር ሲከፍል፣ የጎረቤት ሬሳ ሲሸከም አገርህ የት ነው ያለው አልነበረም። አምና ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ግን ሁሉም አገሩን ዐወቀለት። ፍርሃት ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ አይጠግብም፤ ከሚስቱ ፎቶም ያስወጣዋል።

የመንግሥት ሰዎች ሊወስዱት የመጡት ገና በማለዳ ነበር። በር ላይ ቆመው «ኤርትራዊ ነህ፤ ልብስህን ያዝ» አሉት። እናቷ በቀኝ ጆሮዋ ወደ ባሏ ዘንበል ብላ «ምን አሉ?» አለች። ዝም አላት። «ዘርአይ፣ ምን አሉ?» በትዳራቸው ዘመን ሳይነግራት የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። ጫማውን አሰረና አብሯቸው ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ለሚስቱ ድንኳን አልተጣለላትም፤ ፍራሽ አልተዘረጋላትም። ከእትዬ አፀደ በቀር «እግዜር ያጥናሽ» ሊላት ደፍሮ የመጣ የለም።

ትርሓስ ከፍራሹ ተነሣች።

«ወዴት ነው ልጄ?» አለ ገብረወልድ።

በርጩማ አንሥታ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ፎቶው ላይ ሰማያዊ በተቀባው በኩል አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። ገብረወልድ ሊከለክላት ብድግ ካለ በኋላ መልሶ ቁጭ አለ። በዚህ መሀል የእድሩ ሰዎች ጎንበስ እያሉ ገቡ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አሉ አንድ ላይ።

ትርሓስ እንደ ሌላው አሜን አላለችም። ወደ እናቷ ዘንበል አለች።

«የእድር ሰዎች ናቸው፣ እማ» አለቻት ቀስ ብላ። «እግዜር ያጥናሽ ነው የሚሉሽ።»