የማይኳ ፊት

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ጊታር መማር ከጀመረ ወዲህ ሚስቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። ድምፁ እንደሆነ «ወደ ኋላ ጠጋ በሉ!» ለማለት እንጂ ለዘፈን የተፈጠረ አይደለም፤ እሱም አይክድም። ያም ሆኖ ዘፈን እቤቴ ልቅዳ ብሎ ዕቃ ሊመርጥ ተነሳ። ለማንም አልተነፈሰም እንጂ ሊቀዳ የፈለገው የራሱን ድምፅ አልነበረም። ሚስቱ ድሮ ከታላቅ እህቷ ጋር ስትዘፍን መንገደኛ ይቆም ነበር። እህቷ ካረፈች ወዲህ ግን ልብስ ስትሰፋ እንኳ አታንጎራጉርም። ያ ድምፅ ናፍቆታል፣ በቃ።

ሱቅ እንደገባ ዓይኑ ትልቁና የሚያብለጨልጨው ማይክ ላይ አረፈ።

«እሱ ይቅርብዎ ጋሼ» አለው ሻጩ። «ለጀማሪ ይቺ ትበቃለች። ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ ትንሽ ሳጥንና ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይጨምሩ። ክፍሉ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ይስቀሉ። ደሞ አደራ፣ ማይኳ የምትሰማው ምልክት ባለበት በፊቷ በኩል ነው፤ በጀርባዋ ቢጮኹም እምብዛም አትሰማዎትም።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ሹፌሩ። እቤቱ ሲደርስ ከብርድ ልብሱ በቀር የገባው ሁሉ ወጥቷል።

«ብርድ ልብሱን ሁሉ ሰቅለህ ምን ልንለብስ ነው?» አለችው ሚስቱ፣ አልጋው ላይ ተቀምጣ የደንበኛ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች።

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ። ብቻ ድምፅ እንዳታሰሚ!»

ማይኳን መሀላቸው አቁሞ የእህትማማቾቹን ዘፈን ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ጠፋበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ገደልከው እኮ! እንደሱ አይደለም» አለችና ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ አዜመችለት። አንዴ ከጀመረች ደግሞ እስከ መጨረሻው ሄደች። ሹፌሩ እንዳትደነግጥበት ጊታሩን በቀስታ እየነካካ ተከተላት።

ማዳመጫውን አድርጎ የተቀዳውን ሲሰማ፣ የራሱ ድምፅ ከጎረቤት ቤት የመጣ ይመስላል፤ የእሷ ግን ጥርት ብሎ ጆሮው ሥር ነው። የማይኳን ምልክት አየው፤ ወደ አልጋው ዞሯል። ማዳመጫውን አውልቆ እሷ ጆሮ ላይ አደረገላት።

ሸሚዙን እንደያዘች አዳመጠች።

«እህቴን» አለች ቀስ ብላ። «ቁርጥ እህቴን።»

እንባዋ ሲወርድ ምነው ባልነካካኋት ብሎ ደነገጠ።

«ማይኳን ገልብጬ አቁሜያት እኮ ነው፣ ቆይ ላዙራት» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ቸብ አደረገችው።

«ተው! እንዳትነካት» አለች እንባዋን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገች። «ይልቅ ጊታርህን ምታ።»