በየሩብ ሰዓቱ የምትሞት መኪና

ኤይታን ከቤርሼባ ጎን ያለችው የሀብታሞች ሰፈር፣ የዖሜር ሰው ነው። ሀምሳ ዓመት ያለፋት ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና አለችው፤ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ስልኩ ውስጥ ከልጆቹ ይልቅ የእሷ ፎቶ የሚበዛ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ቤርሼባ ወደምሠራበት ወደ ሽሙኤል ጋራዥ አመጣት። አብረውት የወረዱት እማማ ይሻሽ ነበሩ። ቤቱን ሰኞና ሐሙስ ማጽዳት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ በዚችው መኪና ሰፈራችን ሽኩና ኣሌፍ ድረስ ያደርሳቸዋል። ጎረቤታችን ስለሆኑ አውቃቸዋለሁ።

«ሦስት ጋራዥ ዞርኩ» አለ ኤይታን ለሽሙኤል፣ እኔን እንደተቀመጠ ጎማ እያለፈኝ። «ፓምፕ ቀየሩ፣ ኮይል ቀየሩ፣ ያው ናት። ሩብ ሰዓት ትሄድና ቀጥ። ግማሽ ሰዓት ካረፈች ትነሳለች። ቤቴ ውስጥ የነካት ሰው አለ። አትክልተኛውን ባለፈው ወር አባርሬዋለሁ፤ ውሃ ሲረጭባት አይቼዋለሁ። እሱ ካልሆነም ማን እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያ ሰው ደጄን አይረግጥም።»

ሽሙኤል በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «ሺራ ታያታለች።»

«እሷ? የት ተማረች?»

«የትም» አልኩ። «የተማሩት ሦስቱ ካዩዋት በኋላ አንድ ያልተማረች ብታያት ምን ይጎዳታል?»

እውነቴን ነው። ሙያውን ያገኘሁት ከተጣሉ ሞተሮችና ከስልኬ ነው። ወረቀት የለኝም፤ ጆሮ ግን አለኝ።

«ስትሞት እንዴት ነው? ድንገት ድርግም ነው ወይስ እየተንገዳገደች?»

ኤይታን ማሰብ ሲጀምር እማማ ይሻሽ በአማርኛ ቀደሙት። «ታስላለች እንጂ! ሁለት ሦስት ጊዜ ትስልና፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ቁጭ።»

ብልጭታ ሰጪው ኮይል ሲሞት ሞተሩ አያስልም፤ ብልጭታው በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። የሚያስል ሞተር ቤንዚን የራበው ነው። አስነሳኋትና ኤይታንን አጠገቤ አስቀምጬ በጋራዦቹ ዙሪያ ነዳኋት። በአሥራ ሰባተኛው ደቂቃ፣ በራችን ላይ ስንደርስ፣ አስላ ሞተች።

ካንዴላ ነቅዬ ብልጭታውን አየሁ፤ ደህና ነው። ቤንዚንና አየር የሚደባለቁበትን ካርቡሬተር ከፈትኩ፤ ደረቅ። ታንኩ ግን ገና ግማሽ ድረስ ቤንዚን አለው። ቱቦ ለቱቦ ከመሄዴ በፊት የታንኩን ክዳን ጠመዘዝኩ። ፊሽ ብሎ አየር ሳበ፤ ረጅም። የፈታሁትን ገጥሜ፣ የታንኩን ክዳን ግን ሳልመልስ ቁልፉን አዞርኩ። ትንሽ አንገራግራ ተነሳች። መልሼ አጠፋኋት።

«ታንኩ መተንፈሻ አጥቶ ነው» አልኩ። «ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ያለው ለዚህ ነው።»

ቀዳዳዋ የመርፌ ዓይን ታህላለች። በነጭ ሰም ተደፍናለች፤ ላዩ በአውራ ጣት ተጭኖ ተስተካክሏል።

እማማ ይሻሽ አንገታቸውን አሰገጉ። «ውይ፣ ያንማ እኔ ነኝ የደፈንሁት! ልብስ ማጠቢያው እኮ ከመኪናዋ ማደሪያ ጋር አንድ ግድግዳ ነው። ሸሚዜ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ እያለ ቢነጫነጭብኝ፣ በየሳምንቱ የሰንበት ሻማ ትራፊ አሙቄ እንደ ጋን አፍ ግጥም! ምን አጠፋሁ?»

«ምን አለች?» አለ ኤይታን።

የእማማ ይሻሽ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ እኔ አፍ ላይ ቆመ።

«ሙቀቱ አደከመኝ ነው የሚሉት» አልኩ በዕብራይስጥ። «ሰሙ ያንተ ነው፤ የምትወለውልበት። እያሸህ ቀዳዳዋን ደፍነሃታል። ጥፋተኛ ስትፈልግ መስታወት አይተህ ታውቃለህ?»

ፊቱ የመኪናዋን ቀለም ያዘ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

«ውሸት ነው» አሉ እማማ ይሻሽ። በዕብራይስጥ፤ ያውም ጥርት ባለ። «ሰሙ የኔ ነው። ሸሚዝህ ስለሸተተ ደፈንሁት። አትክልተኛው ምንም አላደረገም።» ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ ዞሩ። «አንች ልጅ፣ ዕብራይስጥ አትሰማም ብለሽ ነው? አንች ሳትወለጅ ሆስፒታል ስሠራ ነበር። ደሞስ ያ ሰው በኔ ጥፋት እንጀራው ተቆርጦ እኔ እዚያ ቤት እገባለሁ?»

ቀጭን ሽቦ ፍለጋ ወደ መሣሪያ ሳጥኔ ዞርኩ።

ከቦርሳቸው የኤይታንን ቤት ቁልፍ አውጥተው ኮፈኑ ላይ አኖሩት። «ደውልለት» አሉት። «ከዚያ እኔንም ታባርረኛለህ።»

ኤይታን ጀርባውን ሰጥቶን ደወለ። የአትክልተኛው ድምፅ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር፤ አንዳንዱን ቃል ሽሙኤል እንኳ ለመድገም ያፍራል። ኤይታን «ልክ ነህ» አለ። ቆይቶም «ልክ ነህ» አለ። መጨረሻ ላይ እንዲመለስ ጠየቀው።

ስልኩን ሲዘጋ እኔ ሰሙን በቀጭን ሽቦ ጠርጌ፣ ክዳኑን መልሼ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ኮፈኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቁልፉም በተወለወለው ቀለም ላይ ቀስ እያለ ወደ ጫፉ ተንሸራተተ። ሁላችንም አየነው። ማንም አልነካውም። ሊወድቅ ሲል ኤይታን ቀለበው። ቀለሙን እንዳይጭርበት ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። ለእማማ ይሻሽ ዘረጋላቸው።

«እሁድ፣ ሳምንቱ ሲጀመር ሥራ ይገባል» አለ ስለ አትክልተኛው።

«እኔ ሰኞ ነኝ» አሉ፣ ቁልፉን ተቀብለው። «ሸሚዝህ ግን ይሸታል።»