የእማማ መተንፈሻ

አናጢው በደረቱ መሬት ላይ ተኝቶ፣ የተለኮሰ ሻማ በእጁ ይዞ፣ በበሩ ሥር ሥሩን ይሳባል። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ያልፋል፤ ወደ ጎን ካዘመመ ደግሞ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ አውጥቶ ቦታውን ምልክት ያደርግበታል። ከማለዳ ጀምሮ ያደረገው ምልክት ሃያ ሦስት ደርሷል።

"ለመሆኑ ቤት ነው የምትሠራው ሣጥን?" አሉት አማቱ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሕፃን ልብስ እያጠፉ።

"ነፋስ እየያዝኩ ነው፣ እማማ።"

"ይዘህ የት ልትወስደው?"

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። እማማ ሲቀልዱ አብሮ መሳቅ ልማዱ ነው። ዛሬ ግን ጥርሱን ነክሶ ወደሚቀጥለው ምልክት ተሳበ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚስቱና ልጁ ከሐኪም ቤት ይወጣሉ። ልጅቷ ስምንተኛ ወሯን ሳትጨርስ ተጣድፋ የመጣች ናት። ሦስት ሳምንት በመስታወት ማሞቂያ ውስጥ ተኝታ፣ ትናንት ስትመዘን አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም ሆነች ተብሎ እናቷም ነርሷም ተደሰቱ። እሱ ግን ፈራ። ሚስማር ሲገዛ እንኳ ከዚያ በላይ ነው የሚያስመዝነው።

ነርሷ ትንሽ ቴርሞሜትር ሰጥታው ነበር። "ክፍሉ ከሃያ አምስት እንዳይወርድ፣ ነፋስም እንዳይመታት" አለችው። ቀጥላ ልጅቷን ከሸሚዙ ሥር፣ ባዶ ደረቱ ላይ እንዲያቅፋት ብትጠይቀው፣ "እጄ መጋዝ ነው፣ ቆዳዋን እፍቃታለሁ" ብሎ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አፈገፈገ። ሚስቱ እሱን ተክታ አቀፈቻት። ወደ ቤት ሲመለስ ቴርሞሜትሩን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሰባት ይላል። በየአምስት ደቂቃው እየተነሳ ሲያየው እማማ ታዝበው፣ "ብትታቀፈውም አይፈለፈልም" ብለውታል።

የሰፈሩ ሰው "ሚሊሜትር" ነው የሚለው። አንድ ጊዜ የቁም ሣጥን በር ገጥሞ ሲያስረክብ አንዲት ፀጉር የምታህል ክፍተት አየ። የሣጥኑ ባለቤት "ግድ የለም፣ ምንም አትል" እያሉ ቢለምኑት፣ በሩን ነቅሎ ተሸክሞ ሄዶ በማግሥቱ አዲስ ይዞ መጣ። የራሱን ቤት ግን ስድስት ዓመት ሙሉ "ነገ፣ ነገ" ሲለው ኖሯል። በበሩ ሥር ጣት ያልፋል። መስኮቱ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ጥርሱ እንደሚንገጫገጭ ሰው ይንቀጠቀጣል። ይህች ልጅ በርዷት አንድ ነገር ብትሆን ጥፋቱ የእሱና የእሱ ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ ደረቱ ላይ ተቀምጦ አላስተኛውም።

መስኮቱን ዙሪያውን በሲሊኮን ሞላው። ግድግዳውና ኮርኒሱ በሚገናኙበት ስቱኮ ለጠፈ። የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቀጭኑ ቆርጦ የበሩን መቃን አለበሰው፤ ሥሩም ላይ ሌላ ላስቲክ መታበት። በሩ አሁን ሲዘጋ በትከሻ ካልተገፋ አይገጥምም። ይህን ሁሉ ሲጨርስ የቀረችው ከበሩ በላይ ያለችው የሁለት ጡብ ክፍተት ብቻ ነበረች። ቤቱ ሲሠራ አማቱ "ቤት መተንፈሻ ያስፈልገዋል" ብለው ድርቅ ስላሉ ነበር የተዋት። ስሟንም "የእማማ መተንፈሻ" ብሎ አወጣላት።

ወንበር ላይ ወጥቶ ሻማውን ሲያስጠጋ ነበልባሉ ተንቦገቦገና ሊጠፋ ደረሰ።

"እሷን እንኳን ተዋት" አሉ እማማ።

"ዋናዋ ሌባ እኮ እሷ ናት!"

"ምን ሰረቀችህ? ኋላ ቤቱ ይታፈንብሃል።"

"ይታፈን። ልጄን አይብረዳት እንጂ ይታፈን።"

ጣውላ ቆርጦ አስገባ፣ በላዩ ስቱኮ ደፈነበት፣ በመዳፉ አለሰለሰው። ከዚያ ሻማውን ይዞ ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞረ። ነበልባሉ ቀጥ እንዳለ ነው፤ ንቅንቅ የለም። ከሳምንታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ቀለል አለው።

"አሁን አይጥ እንኳ ልግባ ብትል አንኳኩታ ነው" አለ።

"እኔስ ወጥቼ ስመለስ መታወቂያ ልትጠይቀኝ ነው?" አሉ እማማ።

አሁን ሳቀ። ሳቁ ግን ቴርሞሜትሩን እስኪያይ ነበር። አሥራ ዘጠኝ። ነፋሱ ቀርቷል እንጂ ሙቀት ከየት ይመጣል?

እማማ ሳይነገራቸው ወጡና ደጅ ከሰል አያያዙ። ከሰል ማስገባት ያውቁበታል። ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ ያቆዩታል፤ ፍሙ አመድ ለብሶ ነጣ ሲል ምድጃውን አንስተው ያስገቡታል። ጭሱ ካለቀ ምንም አይልም ብለው የሚያምኑት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ እሱም ያምናል። ስድስት ዓመት ሙሉ በብርድ ወራት እንዲህ ሲያደርጉ ማንም አስነጥሶት እንኳ አያውቅም።

ምድጃው መሐል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ቴርሞሜትሩ ሃያ አንድ አለ፣ ቆየት ብሎ ሃያ ሦስት። እማማ የሕፃኗን ሹራብና ኮፍያ በፍሙ ትይዩ ዘርግተው ማሞቅ ጀመሩ።

"በሩን ሳብ አድርገህ ውጣ፣ ሙቀቱ እንዳይሸሽ" አሉት።

እጀታውን በሁለት እጁ ስቦ ዘጋላቸው። ደጅ ላይ የተረፈውን ላስቲክና ፍቅፋቂ እየሰበሰበ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ግቢውን አጸዳ። በመስኮቱ አሻግሮ ሲያይ ሃያ አምስት ሆኗል። እማማ አልጋው ላይ ደገፍ ብለዋል። ስልኩ ጮኸ፤ ሚስቱ ናት።

"እየጨረስን ነው። ቤቱ እንዴት ነው? ስንት ሆነ?"

"ሃያ አምስት!" አለ፣ ድምፁን መቆጣጠር አቅቶት። "ሃያ አምስት ድፍን!"

"እውነትህን ነው? በምን አሞቅኸው?"

"በከሰል ነዋ፣ እንደ ወትሮው። እማማ አሉ እኮ።"

ሚስቱ የነገራትን ለአጠገቧ ሰው ስትደግም ይሰማዋል። ከዚያ ስልኩ እጅ ቀየረና የነርሷ ድምፅ መጣ።

"ከሰሉ ያለው ቤት ውስጥ ነው?"

"አዎ፣ ግን ጭሱ አልቆ ነው የገባው።"

"በሩ ክፍት ነው?"

"ምን በወጣው! ሁሉንም ደፍኜዋለሁ፤ ትንፋሽ አያሳልፍም" አለ፣ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው በሚናገርበት ድምፅ።

የነርሷ ድምፅ ፈጠነ።

"ውስጥ ሰው አለ?" አለች ነርሷ።

"አማቴ..."

"አሁኑኑ አውጣቸው! ስልኩን ጣልና አውጣቸው!"

ስልኩን መጣሉን አላወቀም። በሩን ገፋው፤ በሩ አልተነቃነቀም። ያ ሲደክምለት የዋለ ላስቲክ መቃኑን ነክሶ ይዞታል። "እማማ!" አለ። መልስ የለም። አንድ ጊዜ በትከሻው መታው። በሁለተኛው በሩ ሲበረገድ፣ እሱም አብሮ ወለሉ ላይ በጉልበቱ ወደቀ።

እማማ የልጅቷን ኮፍያ እጃቸው ላይ እንደሰኩ አንገታቸው ወደ ጎን ዘምሟል። ጉንጫቸው ቀልቷል። "ራሴን ፈለጠኝ... ትንሽ ላሸልብ" አሉ፣ አፋቸው ተሳስሮ። በብብታቸው ገብቶ አነሳቸው። እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው ወደ ደጅ እየጎተተ አወጣቸው። እዚያ ግድግዳ አስደግፎ ሲያስቀምጣቸው አስመለሳቸው። "ይታፈን" ያላት ቃል ከራሱ ጆሮ አልወጣ አለችው።

መሬት ላይ የወደቀው ስልክ ገና አልተዘጋም። ነርሷ ወዲያው ይዟቸው እንዲመጣ ነገረችው። ጎረቤታቸው የታክሲ ሾፌር መኪናውን አስነሳ። መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ሲበሩ አማቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ እንዳይተኙ መንገዱን ሁሉ ያናግራቸዋል።

"እማማ፣ ስሜ ማነው?"

"ሚሊሜትር" አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ጥያቄህም እንዳንተው ክፍተት አይተውም።"

ሐኪም ቤት እንደደረሱ ኦክስጅን አደረጉላቸው። ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ እናቷ አጠገብ ቆማለች። ሐኪሙ አይቷቸው፣ ደማቸው ተመርምሮ፣ ቀለማቸው ሲመለስ ነርሷ ወደ ኮሪደሩ ጠራችው።

"የሚገድለው ጭሱ አይደለም" አለችው። "የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ነው። ፍም እስካለ ድረስ እሱ አለ።"

"ስድስት ዓመት እኮ አስገብተናል!"

"ስድስት ዓመት ያተረፋችሁ ያ የማይገጥም በራችሁ ነዋ።"

አናጢው ግድግዳውን ተደገፈ። ሲያፍርበት የኖረው ክፍተት ነው ለካ በሕይወት ያቆያቸው። ነርሷ ባትጠይቀው ኖሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ ምድጃ አጠገብ የምትተኛው ማን እንደነበረች አሰበ።

"ነፋሱን ማገድህ ጥሩ ነው፤ በርና መስኮቱን አትንካው" አለች ነርሷ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። "ግን ከላይ አየር የሚወጣበት ተውላት። እሳት ግን ሁለተኛ ቤት ውስጥ እንዳይገባ። ልጅቷን ደግሞ ደረታችሁ ላይ እቀፏት፤ ገላችሁ ያሞቃታል። ያሳየኋችሁን አትርሱ።"

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱም ቤታቸው ገቡ። ከሰሉን የታክሲ ሾፌሩ ሚስት ቀድማ አውጥታ ውኃ ደፍታበታለች። በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ስለዋለ ክፍሉ ቀዝቅዟል። እማማ ኩርሲ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። አናጢው በሩን ዘጋ፣ መሮና መዶሻውን አነሳ፣ ወንበር ላይ ወጣ። ስቱኮው ገና በደንብ አልጠነከረም፤ በሦስት ምት ተፈረካከሰና ጣውላው ወጣ። ከደጅ ሰማይ ታየ። ሻማውን ሲለኩስ ነበልባሉ ወደ መተንፈሻዋ ትንሽ ዘመም አለ።

"አሁን ልክ ነው" አለና አጠፋው።

"ሁለቱንም ጡብ ከፈትክልኝ?" አሉ እማማ።

"ሁለቱንም። ይቅር በሉኝ፣ እማማ።"

"ለእኔ ይቅር ብያለሁ። ለሷ ግን እንጃ፣ ስታድግ ራሷ ትወስን" አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ሕፃኗ እያሳዩ።

ሚስቱ ቴርሞሜትሩን ተመለከተች። ከጠዋት ጀምሮ እሱን ያቃጠለው ፍርሃት አሁን እሷ ፊት ላይ ነበር።

"ሃያ ነው" አለች። "ሃያ ነው እኮ! ምን እናድርግ?" ሦስት ሳምንት ወንበር ላይ ያደረች ሴት ናት፤ ቆማ መዋሏ ይገርማል።

"አንቺ ተኚ" አላት። "ነርሷ ያለችውን አስታውሳለሁ።"

"አንተ? እጄ መጋዝ ነው አላልክም?"

እጁን አየ። ስቱኮ፣ ሲሊኮን፣ የመሮ ጠባሳ።

"እጁን ማን ጠየቀው፣ ደረቱን እንጂ" አሉ እማማ።

ሄዶ እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ። ሁለተኛም ታጠበ። ተመልሶ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የሸሚዙን ቁልፎች ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ፈታ። ሚስቱ ልጅቷን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ አድርጋ ደረቱ ላይ አስተኛችለት፤ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ ሸሚዙንና ብርድ ልብሱን ከበላይ ደረበችላቸው። መጀመሪያ መተንፈስ ፈራ። ልጅቷ ግን ጭንቅላቷን አንድ ጊዜ አነቃነቀች፣ የሚመቻት ቦታ ስታገኝ ጸጥ አለች። ትንሿ እስትንፋስ ቆዳውን እየነካች ትመለሳለች።

ሚስቱ ወዲያው እንቅልፍ ጣላት። እማማ ኩርሲያቸውን አስጠግተው ያዩዋቸዋል። ከበላያቸው፣ ከመተንፈሻዋ፣ ቀጭን አየር ይወጣል። ደቂቃዎች አለፉ። ሚስቱ ከእንቅልፏ ደንገጥ ብላ ነቃች።

"ስንት ሆነ?" አለች፣ በድንጋጤ።

ቴርሞሜትሩ ፊት ለፊቱ ተሰቅሏል። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ የሚያየው ኮፍያዋን ነበር።

"አላየሁትም" አላት። "እሷ ሞቃለች።"